ማኅተም የምትለምኑ፣ ማኅተም የምታድሉ

ልጆቼ፣ ላመሰግናችሁ አልተቀመጥሁም። ምስጋናውን በምረቃችሁ ቀን አበባ ይዘው የሚመጡት ዘመዶቻችሁ ያደርሱታል። እኔ የማነሣው ከምረቃው በፊት ስላለው ጊዜ፣ «አፓረንት» ወይም «ኢንተርንሺፕ» እያላችሁ ስለምትወጡበት ልምምድ ነው። በተለይ የማናግረው «ፕሮጀክት ማኔጅመንት ልንለማመድ ነው» ብላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ በየግንባታውና በየድርጅቱ በር የምትቆሙትን ነው። በሩን የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን፣ ተቋራጩንም፣ አማካሪውንም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊውንም፣ አስተማሪውንም አልምርም። ነውሩ የጋራ ስለሆነ ተግሣጹም የጋራ ይሁን።

ነውሩ ምንድን ነው? ያልሠራው ሠርቷል መባሉ ነው። ተማሪው አንድ ቀን ይመጣል፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ያስገባል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ከቀደሙት ተማሪዎች የወረሰውን ሪፖርት የሕንፃውን ስም ብቻ ቀይሮ፣ አንዳንዴም መቀየሩን ረስቶ ያቀርባል። ባለ ድርጅቱ ደግሞ «የእገሌ ልጅ ነው፤ ምን አለበት» ይልና ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ምን አለበት? የሐሰት ምስክርነት አለበት! ችሎት ቀርቦ ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ስታዩ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። እናንተስ ደብዳቤ ላይ «በትጋትና በታማኝነት አገልግሏል» ብላችሁ ስትፈርሙ ምን አደረጋችሁ? ያኛው የመሰከረው በአንድ ተከሳሽ ላይ ነው። የእናንተ ምስክርነት ግን ነገ ያ ልጅ በሚመራው ሥራ ሥር በሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ላይ ነው።

ይህ ማታለል በሌላውም ሙያ አለ፤ በፕሮጀክት አመራር ግን ይብሳል። ግንበኛ ሳይለማመድ ተለማምጃለሁ ቢል ቱንቢው ያጋልጠዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢዋሽ መብራቱ እምቢ ይላል። የፕሮጀክት መሪ ውሸት ግን ወዲያው አይታይም። ጋንት ቻርት በአንድ ከሰዓት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ቀለሙም ያምራል። ፕሪማቬራና ኤምኤስ ፕሮጀክት አጭር ኮርስ ወስዶ መነካካት ይቻላል። የሚከብደው በቻርቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያስተምር ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

እስቲ እንየው። መርሐ ግብሩ 600 ሜትር ኩብ ቁፋሮ በ20 ቀን ያልቃል ይላል እንበል፤ በቀን 30 ማለት ነው። ሳምንት ቆይታችሁ ስትለኩ በቀን የሚወጣው 22 ብቻ ሆኖ አገኛችሁት። በዚህ አካሄድ ሥራው 28ኛውን ቀን ይነካል። ይህን ሒሳብ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ለምን 22 ሆነ የሚለውን ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚመልስ የለም። ኤክስካቫተሩ ተበላሽቶ ነው? ናፍጣ ዘግይቶ ነው? ከባድ መኪና በከተማው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ በመሆኑ ገልባጩ አፈሩን አንሥቶ እስኪመለስ ማሽኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው? ከሁለት ሜትር በታች ድንጋይ ወጥቶ ነው? ወይስ ኦፕሬተሩ የትርፍ ሰዓቱ ስላልተከፈለው እጁን አጥፎ ነው? መልሱ እያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ድንጋይ ወጥቶ ከሆነ ለአማካሪው መሐንዲስ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የኦፕሬተሩ ገንዘብ ከሆነ ግን ደብዳቤ የሚጻፍለት የለም፣ ፋይናንስ ቢሮ ሄዶ መጨቃጨቅ ነው። ሦስት ወር ልምምድ ወጥቶ አንድም እንዲህ ያለ «ለምን» ሳይመልስ የተመለሰ ልጅ ቤቱ ተኝቶ ከከረመው አይለይም።

መልሱን የሚያውቀው ማን ነው? ፎርማኑ ነው። ያ ዲግሪ የለውም ብላችሁ ሰላምታ የምትነፍጉት፣ ጫማው በሲሚንቶ የነጣው ሰው። ልጆቼ፣ በዚህ ነገር ታሳፍሩኛላችሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳችሁ ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ፍለጋ ስትዞሩ እሱ ውጭ የቀን ሠራተኛውን ያሰማራል፣ ብረቱን ይቆጥራል፣ ዝናብ መምጣቱን አይቶ የኮንክሪት ሙሌቱን ያስተላልፋል። ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ። «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገባ?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። የገባውን ሰው፣ የቆመውን ማሽን፣ የመጣውን ዕቃ፣ የዘነበበትን ሰዓት በየቀኑ መዝግቡ። ይህ ለተለማማጅ የሚናቅ ሥራ መስሎ ከታያችሁ፣ ውል ላይ ያለውን ዋጋ አላያችሁም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው፣ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የግንባታ ውል ደንብ መሠረት ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ ይገባኛል የሚል ተቋራጭ፣ ምክንያት የሆነውን ነገር ካወቀበት ወይም ሊያውቀው ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ቀኑ ካለፈ ጥያቄው ውድቅ ነው። ስንት ተቋራጭ በእውነት የሚገባውን ገንዘብ ያጣው የዕለቱን ሁኔታ የሚጽፍ ሰው አጥቶ ነው! እናንተ የናቃችሁት ደብተር ክርክር ሲመጣ ጠበቃ የሚለምነው ደብተር ነው።

አሁን ወደ አፈላለጋችሁ ልምጣ። የቴሌግራም ቻናል ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ፤ ከአራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጋዜጣ በሚከራየው ሥራ ፈላጊ ላይ ግን ትስቃላችሁ። እሱ ቢያንስ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያነብባል። እናንተ አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ ለሠላሳ ድርጅት ትበትናላችሁ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የተባለ ደብዳቤ ማንንም እንደማይመለከት ማን ይንገራችሁ? አንድ ድርጅት ምረጡ። ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ። የግንባታ ቦታው ላይ የተተከለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ባለቤቱ፣ አማካሪው፣ ተቋራጩ፣ ብዙ ጊዜም የውል ጊዜው እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ገብታችሁ «ይህ ሥራ አልቆ መረከብ የነበረበት አምና ነበር፤ እኔ የክፍያ ሰነድ ዝግጅትን ወይም የዕቃ ግዥ ክትትልን ተጠግቼ መማር እፈልጋለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን እመጣለሁ» በሉ። እንዲህ የሚናገር ልጅ በሩ ላይ ሲመጣ የሚመልሰው ኃላፊ ካለ ጥፋቱ የኃላፊው ነው። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚል ልጅ ግን ትሑት ከመሰለው ተሳስቷል፤ ምን ሊማር እንደመጣ አላሰበበትም ማለት ነው።

ምስክር ወረቀት ስለማሳደዳችሁም ልናገር። ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት አመራር ፈተና ለመቀመጥ የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው ፕሮጀክት የመራበት 36 ወርና የ35 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። ገና ልምምድ ያልወጣ ልጅ ይህን ወር ከየት ያመጣዋል? አንዳንዱ ከራሱ ይፈጥረዋል። ፈተናውን የሚሰጠው ተቋም ከማመልከቻዎቹ የተወሰኑትን እያወጣ እንደሚመረምር፣ የበላይ አለቃን ማረጋገጫም እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ጭንቅ ሲይዘው ነው። ለጀማሪ ካፕኤም የሚባል አለ፤ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ 23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል። ስለ እሱ ሲነገራችሁ ከንፈራችሁን ታጣምማላችሁ፤ ታናሽ ስለሆነ። ከታናሹ ለመጀመር የሚያፍር ትውልድ እንዴት ታላቁን ሊመራ ነው?

የዓባይ ግድብን ሥራ የመሩትን የኢንጂነር ስመኘው በቀለን ፎቶግራፍ ሁላችሁም ለጥፋችሁ አይቻለሁ። ዓባይ ግድብ ላይ ከመድረሳቸው በፊት በግልገል ጊቤ አንድና ሁለት ሥራዎች እንዳለፉ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሲጀመር ከተነገረው ጊዜ በእጅጉ ዘገየ። በ2010 ዓ.ም. የብረታ ብረት ሥራው ከያዘው ኮርፖሬሽን ተወስዶ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጠ። በመመረቁ ደስ ይበላችሁ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የፕሮጀክት አመራር ተማሪ ነኝ የምትል ልጅ ግን ከጭፈራው ማግሥት መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው፤ የሲቪል ሥራውና የብረታ ብረት ሥራው መርሐ ግብር እንዴት ተነጣጠለ? አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ምን ያህል ጎተተ? ይህን ጥያቄ ያላነሣ ሰው ግድቡን እንደ ደጋፊ ወደደው እንጂ እንደ ባለሙያ አልተማረበትም።

በልጆቹ ላይ ይህን ያህል ከጮኽሁ ዘንድ እናንተ ባለ ድርጅቶች ፈገግ እንዳትሉ። የከፋው ቃል የእናንተ ነው።

«ተለማማጅ እንቀበላለን» ትላላችሁ። ከተቀበላችሁት በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ? ቡና ያመላልሳል። ፎቶ ኮፒ ያነሣል። የአለቃውን ልጅ የቤት ሥራ የሠራ ተለማማጅ እንኳ አውቃለሁ። ሲሰለቸው ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል፤ እናንተም «የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም» ትላላችሁ። ምን ሥራ ሰጣችሁት?

ለተማሪ ሥራ እንዴት እንደሚሰጥ የቅኔ መምህራን ካወቁበት ብዙ ዘመን ሆኗል። ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን መወድስ ተቀኝ አይሉትም። ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ያስቆጥሩታል፤ ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ፣ እያደር ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ያደርሱታል። ቀን የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፣ ካልሆነም ያፈርስበታል። ልብ በሉ፤ ጉባኤ ቃና አጭር ናት እንጂ ግማሽ ቅኔ አይደለችም። ሰሟም ወርቋም ሙሉ ነው። እናንተ ግን ለተለማማጁ የምትሰጡት የትልቅ ሥራ ቁራጭ ነው፤ መነሻውን ያላየውን፣ መድረሻውን የማያየውን። «ይህን ኤክሴል ሙላ» ትሉታላችሁ። ለማን እንደሚሄድ አይነገረውም፤ ተሳስቶ እንደሆነም የሚነግረው የለም።

ትንሽ ግን ሙሉ የሆነ ሥራ ስጡት። የአንድ ፎቅ የበርና የመስኮት ግዥ ይሁን፤ ልኬቱን ከሳይት ያምጣ፣ ከሦስት አቅራቢ ዋጋ ይሰብስብ፣ ማን ማጽደቅ እንዳለበት ይወቅ፣ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ይከታተል፣ ሲደርስም ቆጥሮ ይረከብ። የውጭ ዕቃ ከሆነ ኤልሲ (የባንክ መተማመኛ ሰነድ) ተከፍቶ፣ ጂቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በዓይኑ ይይ፤ ሊፍት ዘግይቶ ያለቀለት ሕንፃ ለምን ቆሞ እንደሚቀር ያኔ ይገባዋል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆናችሁም የሁለት ቀን ሥልጠና ስጡት፤ በጀቱን ያውጣ፣ አዳራሽ ይከራይ፣ ተሳታፊ ይጥራ፣ ደረሰኝ ይሰብስብ፣ ለለጋሹ የሚሄደውን ሪፖርት የመጀመሪያ ረቂቅ ይጻፍ። በሳምንታዊው ስብሰባ አስገቡትና ቃለ ጉባኤ አስይዙት። ቃለ ጉባኤ የያዘ ልጅ ማን ቃል እንደገባና ማን ቃሉን እንደበላ ያያል፤ ግማሹ የፕሮጀክት አመራር እዚያ ነው። ሲሳሳት ደግሞ አትቆጡት አልልም፤ ተቆጡት፣ ግን የተሳሳተው ምን ላይ እንደሆነ አሳይታችሁ። አርብ አርብ ግማሽ ሰዓት የሌለው ሥራ አስኪያጅ ተለማማጅ አልቀበልም ማለት አለበት። አልቀበልም ማለት ነውር የለበትም። ተቀብሎ መጣል ነው ነውሩ።

ስለ ገንዘብ እንነጋገር፤ ይህን ስናነሣ ሁላችሁም ጣራ ጣራ ታያላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት ይጠይቃል። አሠሪው ተለማማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ እንዳያሰማራውም ይከለክላል። ዩኒቨርሲቲ የላከው ተማሪ በዚህ ውል ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት፤ ለእኔ የሕጉ መንፈስ በቂዬ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የሚመጣ ልጅ የትራንስፖርትና የምሳ ካልሰጣችሁት፣ ልምምዱን የሚችለው የሀብታም ልጅ ብቻ ይሆናል። የድኻው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፤ እናንተም «ጠፋ» ብላችሁ ትጽፉበታላችሁ። በአንድ ቀን ለእንግዳ መስተንግዶ የምታወጡት ለአንድ ተለማማጅ ወር እንደሚበቃ ሒሳብ ክፍላችሁን ጠይቁ።

ቀጥሎ ዝምድናው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላል ያገራችን ሰው፤ እናንተ ግን ተረቱን የቅጥር መመሪያ አደረጋችሁት። ሦስት ቦታ ካላችሁ አንዱ ለባንኩ ሰው ልጅ፣ አንዱ ለአማካሪው እኅት ልጅ፣ አንዱ ለመንደራችሁ ሰው። ከዚያ «ባለሙያ ጠፋ» እያላችሁ ጨረታ ላይ ታለቅሳላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕንፃ ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት የሥራው ዋስ እንዳደረገው ታውቃላችሁ። በሐሰት ማኅተም የወጣው ልጅ ነገ የእናንተው ሳይት ላይ ተቀጥሮ ይመጣል፤ የዐሥር ዓመቱ ዋስትና ከማን ኪስ እንደሚወጣ ያኔ ታዩታላችሁ።

ሌላም አለ፤ በለሆሳስ የሚነገር ስለሆነ ጮክ ብዬ እላለሁ። ሴት ልጆቻችንን ለልምምድ ስንልክላችሁ እራት የሚጋብዛቸው አለቃ፣ ፊርማውን በስልክ ቁጥር የሚመነዝር ሱፐርቫይዘር አለ። ጾታዊ ትንኮሳ በሥራ ቦታ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይናገራል። እኔ ግን ከአዋጁ በፊት አባቶችህ ምን ባሉህ እላለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው በየመሥሪያ ቤታችሁ ይታወቃል። ታውቁታላችሁ፤ ትስቁለታላችሁ። ስለዚህ ተጠያቂው እሱ ብቻ አይደለም። ለሴት ተለማማጅ የመፈረሙን ኃላፊነት ለአንድ ሰው ብቻ አትስጡ፤ ሁለት ሰው ይገምግማት፣ አንዷም ሴት ትሁን።

በእኛ ዘመን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በትምህርት ቤት አስተማሪነት። እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም፤ ከሙያው የማይገጥም ቦታ የተመደበ ነበር፣ ያጉረመረመም ነበር። ነገር ግን ማንም አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ደብረ ማርቆስ አስተምሬያለሁ» የሚል ወረቀት ማስመታት አይችልም ነበር፤ ተማሪዎቹ ነበሩ ምስክሮቹ። የዛሬው ልምምድ የጎደለው ይህ ምስክር ነው።

እናንተ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች፣ ምስክሩን ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ። አርባ ተማሪ በየአቅጣጫው ትበትኑና ሪፖርቱ ተጠርዞ ሲመጣ በውፍረቱ ታርሙታላችሁ። ፕረዘንቴሽኑ ላይ «ቴክኦፍ ሺት ምንድን ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ልጁም ከስላይዱ ላይ ያነብላችኋል። ከዚህ ይልቅ «ሥራው በስንት ቀን ዘገየ? ማን አዘገየው? አንተስ በዚያ ቀን የት ነበርህ?» በሉት። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ጉድለቱ እዚያ ይታረማል ብላችሁ አትጽናኑ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚመረጥ ፊደል ሳይት ላይ የቆመን ሰው አይለይም። የጉብኝት መኪናና በጀት የለንም የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ስልክ አላችሁ። ሪፖርቱን ከማረማችሁ በፊት ወደ ፎርማኑ ደውሉና የልጁን ስም ጥሩለት፤ ፎርማኑ «የቱ ልጅ?» ካላችሁ ማኅተሙ ምንም ያህል የጎላ ቢሆን ኤፍ ጻፉ፤ ማኅተሙን ለመታው ድርጅትም በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አትላኩ።